ማን ይግባ? ማን ይቅር? የይድነቃቸው ተሰማ የዕድሜ ልክ ጥያቄ

ክረምት ሲገባ ኳስ ይቆማል፤ ጭቅጭቁ ግን አይቆምም። እንጅባራ ላይ ዝናቡ አላባራ ሲል፣ ዳንግላ ላይ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን የኳስ አፍቃሪው ሻይ ቤት ተሰብስቦ የሚከራከረው ስለ ጎል አይደለም። ማን ተሸጠ? ማን ተገዛ? ማን ቀረ? በሚለው ነው። የአርሰናል ደጋፊ የ2004 ዓ.ም. ክረምትን መቼም አይረሳትም። አምበሉ ሮቢን ቫን ፐርሲ በ30 ጎሎች የፕሪሚየር ሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ዓመቱን በጨረሰ ማግስት ለማንችስተር ዩናይትድ ተሸጠ። ዩናይትድም በቀጣዩ የውድድር ዘመን ዋንጫውን በላ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ደግሞ ሴስክ ፋብሪጋስ ወደ ባርሴሎና፣ ሳሚር ናስሪ ወደ ማንችስተር ሲቲ ሄደዋል።

ደጋፊ የሜዳ ሽንፈትን ይረሳል። ኳስ ነውና ይሸነፋል፣ ያሸንፋል። በክረምት፣ በቢሮ ውስጥ፣ በወረቀት ላይ የተሸነፈውን ግን አይረሳም። ምክንያቱም እሱን ሽንፈት ያመጣው ተጋጣሚ ሳይሆን የገዛ ቡድኑ ነው።

የቡድን ስብስብ ሲታይ የስም ዝርዝር ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን ብዙ ነገር አለ። ገንዘብ አለ፣ ዘር አለ፣ ፖለቲካ አለ፣ ቂም አለ። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር በሚለው በዚህ ጥያቄ ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ። በተጫዋችነት ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። በአሰልጣኝነት ዝርዝሩን ሠርተዋል። በአህጉር መሪነት ደግሞ የሌሎች አገሮች ዝርዝር ምን መምሰል እንዳለበት ወስነዋል። ብዙውን ጊዜ ልክ ነበሩ። አንድ ጊዜ ግን የወሰኑት ውሳኔ ብዙ አፍሪካዊ ኳስ አፍቃሪን አስኮርፏል።

የነጋድራሱ ልጅ

ይድነቃቸው የተወለዱት መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ነው። በእንቁጣጣሽ ዕለት መሆኑ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥም አዋቂነታቸው ዛሬም ድረስ ስማቸው የሚነሳ፣ ድምፃቸውንም ጀርመን አገር ሄደው በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። አባት በቃል ተጫዋች ነበሩ፤ ልጅ በእግር ተጫዋች ሆኑ።

ቅዱስ ጊዮርጊስ የእግር ኳስ ክለብ አዲስ አበባ ላይ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ክለቡና ልጁ አብረው አደጉ ማለት ይቻላል። ለ23 ዓመታት ማሊያውን ሳይቀይሩ ለጊዮርጊስ ተጫውተዋል። በስማቸው የተመዘገበው 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፈዋል። ዛሬ አንድ አጥቂ በሦስት ዓመት ሦስት ክለብ በሚቀያይርበት ዘመን 23 ዓመት በአንድ ማሊያ መቆየት ተረት ይመስላል።

ነገር ግን የጨዋታ ዘመናቸው ሲጀመር ጣሊያን አገር ወረረ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ፋሺስቶች ኳስ ይወዳሉ፤ ጣሊያን በ1934 እና በ1938 (እ.ኤ.አ) የዓለም ዋንጫን ያነሳችውም በእነሱ ዘመን ነው። ኳስን ግን ከሐበሻ ጋር መጫወት አይፈልጉም። ነጩ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው እንዲጫወት አደረጉ። ለአገሬው ሰው የተለየ የስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ የተለየ ውድድር ተበጀለት። አፍላው አጥቂ ይድነቃቸው ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የተማሩት እዚህ ላይ ነው። መልሱም ከችሎታ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ የቆዳ ቀለም ነበር።

በዚያው በጠላት ዘመን፣ በ1932 ዓ.ም.፣ በአዊ ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ የተቋቋመው በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን ከሰው እኩል የዘመተውን ፈረስ ለማሰብ ነው። አንዱ ወገን በፈረስ፣ ሌላው ወገን በኳስ ክብሩን የጠበቀበት ጊዜ ነበር። በጊዜው የእንጅባራው ፈረሰኛና የአዲስ አበባው ኳስ ተጫዋች የሚገናኙበት አጋጣሚ አልነበረም፤ ዘመኑ ግን አንድ ዓይነት ፈተና ሰጥቷቸዋል።

አገር ነፃ ስትወጣ ነገሩ ተገለበጠ። በ1936 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ገቡ። የሐበሻው ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ እና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ቢሆንም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነጭ ጋር አንድ ሜዳ እንዳይረግጥ የተከለከለው ወጣት አሁን ጣሊያኖቹን ፊት ለፊት ገጠመ። ጊዮርጊስም የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ በ1942 ዓ.ም. አነሳ።

የደቡብ አፍሪካ ዝርዝር

ይድነቃቸው ጫማ ሳይሰቅሉ ነው ቢሮ የገቡት። የኢትዮጵያን እግር ኳስ ፌዴሬሽን ካደራጁት ሰዎች አንዱ ናቸው፤ በዋና ፀሐፊነትም አገልግለዋል። በ1948 ዓ.ም. ሊዝበን ላይ በፊፋ ጉባኤ የተገናኙት የግብፅ፣ የሱዳን፣ የደቡብ አፍሪካና የኢትዮጵያ ሰዎች የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ይቋቋም ብለው ተስማሙ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ካፍ ተመሠረተ። አራት አገር ብቻ፤ እንግዲህ የዛሬው ግዙፉ ካፍ ያኔ አንድ ጠረጴዛ የሚሞላ ሰው ነበር።

የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫም እዚያው ካርቱም ላይ በአራቱ አገሮች መካከል ሊካሄድ ተዘጋጀ። ኢትዮጵያ በግማሽ ፍፃሜ ደቡብ አፍሪካን እንድትገጥም ወጣላት። እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው። የአፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ የምትልከው ቡድን ወይ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ነው አለች። ቅልቅል ቡድን አይታሰብም። አንድ ስብስብ ውስጥ ነጩና ጥቁሩ አብረው አይገቡም።

ለይድነቃቸው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ላይ ያዩትን ዝርዝር ነው መልሰው ያዩት። የካፍ መሥራቾች ደቡብ አፍሪካን ከውድድሩ አስወጡ። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ፍፃሜ ገባች። የካቲት 9 ቀን 1949 ዓ.ም. በተደረገው ፍፃሜ ግን በግብፅ 4 ለ 0 ተረታች፤ አራቱንም ጎል ያገባው አድ ዲባ ነው።

አንዲት አገር በክረምት ቢሮ ውስጥ የሠራችው የስም ዝርዝር ስንት ዓመት ያስከፍላል? ደቡብ አፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ዋንጫ የተጫወተችው በ1996 (እ.ኤ.አ) ነው። 39 ዓመት መሆኑ ነው። በመካከሉ ፊፋ አንዴ ሲያግዳት፣ መልሶ ሲለቃት፣ እንደገና ሲያግዳት ቆይቶ በ1976 (እ.ኤ.አ) ሞንትሪያል ላይ ጭራሹን አባረራት። በነዚያ ሁሉ ጉባኤዎች የአፍሪካን ድምፅ ይዘው ከሚከራከሩት መካከል ይድነቃቸው ግንባር ቀደሙ ነበሩ።

የ1954ቱ ስብስብ

በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲዘጋጅ ይድነቃቸው በአሰልጣኝነት ቆሙ። አሁን ዝርዝሩን የሚሠሩት እሳቸው ናቸው። የሠሩት ዝርዝርም የአዲስ አበባ ልጆች ብቻ አልነበረም። ከአስመራ የመጡ ተጫዋቾች የቡድኑ ምሰሶ ነበሩ። ወጣቱ የጊዮርጊስ አጥቂ መንግሥቱ ወርቁም አለበት። አምበሉ ደግሞ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ከጎኑም ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ።

የወንድማማቾቹ እናት ኤርትራዊት፣ አባታቸው ጣሊያናዊ ናቸው። እስቲ ይህን ነገር ልብ በሉት። ጣሊያኖች ከእኛ ጋር አትጫወትም ብለው ያገለሉት ሰው፣ ጊዜው ሲደርስ የጣሊያናዊ ልጅ በአምበልነት የሚመራውን ቡድን ይዞ ለኢትዮጵያ ዋንጫ ፍለጋ ወጣ። ቂም የያዘ ሰው ቢሆን ሌላ ስብስብ ይሠራ ነበር።

ኢትዮጵያ በግማሽ ፍፃሜ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረታች። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በፍፃሜው የጠበቀቻት ያቺው ግብፅ ናት፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። በ1949ም 4 ለ 0፣ በ1951ም ካይሮ ላይ 4 ለ 0 አሸንፋናለች። በዚህም ጨዋታ ሁለት ጊዜ መራች። በመጀመሪያ ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ፤ ወዲያው ግብፆች እንደገና መሩ። ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ 2 ለ 2 አደረገው። በጭማሪ ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2! ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ያነሳችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ እሱ ነው።

ማንም አይግባ ያሉበት ጊዜ

አንዳንዴ ደግሞ ትልቁ የስብስብ ውሳኔ ምንም ቡድን አለመላክ ነው። ለ1966ቱ (እ.ኤ.አ) የእንግሊዝ ዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ አልሰጠም። የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያና ከኦሺያኒያ አሸናፊ ጋር ተጋጥሞ ለአንድ ቦታ ይፋለም ተባለ። አፍሪካውያኑ እምቢ አሉ፤ ከማጣሪያውም ወጡ። ከውሳኔው ጀርባ ከነበሩት ሰዎች አንዱ ይድነቃቸው ናቸው።

የዚያ ዘመን ተጫዋች ዓለም ዋንጫን የመሞከር ዕድሉን አጥቷል። ለእሱ ከባድ ነው። ነገር ግን ውሳኔው ፍሬ አፈራ። ለ1970ው የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ሄደች። በ1982 ቦታው ሁለት ሆነ። በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዝዳንት የሆኑት ይድነቃቸው ይህንንም በዓይናቸው አይተዋል።

ያስኮረፈው ደንብ

እስካሁን ያየነው ጥያቄው የቀለም ወይም የክብር ሲሆን ነው። እዚያ ላይ ይድነቃቸው አልተሳሳቱም። አሁን ወደ ሌላው እንምጣ።

በ1965 (እ.ኤ.አ) ካፍ አንድ ደንብ አወጣ። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ ብሔራዊ ቡድን ማሰለፍ የሚችለው ከአህጉሩ ውጪ የሚጫወቱ ሁለት ተጫዋቾችን ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ በአገር ቤት ወይም በአፍሪካ የሚጫወት መሆን አለበት። ይድነቃቸው ያኔ በካፍ አመራር ውስጥ ነበሩ፤ ፕሬዝዳንት ከሆኑም በኋላ የደንቡ ጠበቃ ሆነው ቆይተዋል።

ሀሳቡ ባዶ አልነበረም። አውሮፓ ከአፍሪካ ቡናውንና ማዕድኑን በጥሬው ወስዳ እንደምትከብረው ሁሉ ተጫዋቹንም በጥሬው ትወስደዋለች የሚል ስጋት ነበራቸው። ምሳሌውም በዓይን ይታይ ነበር። ሞዛምቢክ የተወለደው ዩሴቢዮ በ1966 ዓለም ዋንጫ በ9 ጎል ኮከብ ግብ አግቢ የሆነው ለፖርቱጋል ተሰልፎ ነው። ማራካሽ የተወለደው ዡስት ፎንቴን በ1958 (እ.ኤ.አ) 13 ጎል ያገባው ለፈረንሳይ ነው። ምርጡ ሁሉ ከሄደ አገር ቤት ያለውን ሊግ ማን ያየዋል? ስታዲየሙንስ ማን ይሞላዋል? የይድነቃቸው ጭንቀት ይኸው ነበር።

ግን ደንቡን ከአሰልጣኝ ወንበር ላይ ሆናችሁ እዩት። ፈረንሳይ ውስጥ አምስትና ስድስት ተጫዋች ያለው አሰልጣኝ ሁለቱን መርጦ የቀሩትን በቴሌቪዥን እንዲያዩ መንገር አለበት። የቀሩት ደግሞ ጥፋት የለባቸውም። ጥፋታቸው አድራሻቸው ብቻ ነው። ደጋፊውም ምርጡን ቡድኑን ሳያይ ውድድሩ ያልቃል። በቀለም ምክንያት ከሜዳ የታገደ ሰው በመኖሪያ ቦታ ምክንያት ሌሎችን አገደ ብለው የሚያስቡ ቢኖሩ አይፈረድባቸውም።

አንድ ሌላ ነገር አለ። የኢትዮጵያ ተጫዋቾች በዚያ ዘመን በአመዛኙ አገር ቤት ነበሩ። ስለዚህ ደንቡ የእኛን ቤት ብዙም አልነካም። የጎረቤትን ቤት የሚነካ ደንብ ማውጣት ደግሞ ቀላል ነው። ቢሆንም አልጠቀመንም። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩን በሜዳችን አዘጋጅተን በግማሽ ፍፃሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፍን፤ ለሦስተኛ ደረጃም በኮትዲቯር 1 ለ 0 ተረታን። በ1968 ዓ.ም. እንደገና አዘጋጅተን ከምድባችን አላለፍንም።

ለይድነቃቸው የሚሟገት ሰው ግን አንድ ጥሩ ማስረጃ አለው፤ አልጄሪያ። አልጄሪያ ተጫዋቾቿ 28 ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ውጪ እንዳይሄዱ ትከለክል ነበር። በ1982 ዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 ያሸነፈችው ራባህ ማጀርና ላክዳር ቤሉሚ ባገቧቸው ጎሎች ነው። ሁለቱም ያኔ የሚጫወቱት አገር ቤት ነበር። ቤት ያደገም ዓለምን ማሸነፍ እንደሚችል ታይቷል።

ያም ሆኖ ደንቡ ዕድሜው አጠረ። በዚያው በ1982 (እ.ኤ.አ)፣ ይድነቃቸው ፕሬዝዳንት ሆነው እያሉ፣ ካፍ ገደቡን አነሳ። ከሁለት ዓመት በኋላ ካሜሩን አቢጃን ላይ ናይጄሪያን 3 ለ 1 አሸንፋ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ስታነሳ በቡድኗ ውስጥ ፈረንሳይ የሚጫወተው ሮዤ ሚላና ስፔን የሚጫወተው በረኛ ቶማስ ንኮኖ ነበሩ። በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚዘጋው አልተገኘም። በ2002ቱ ዓለም ዋንጫ ፈረንሳይን 1 ለ 0 ያሸነፈው የሴኔጋል ስብስብ ውስጥ ከ23ቱ ተጫዋቾች 21ዱ ፈረንሳይ የሚጫወቱ ነበሩ።

በክረምት የተዘጋው ሕይወት

አቶ ይድነቃቸው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በ65 ዓመታቸው አረፉ። ክረምት ነበር። የካፍ ፕሬዝዳንት እንደሆኑ ነው የሞቱት፤ 15 ዓመት በወንበሩ ላይ ቆይተዋል። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁሩን ቀላቅላ በ1996 ዋንጫ ስታነሳ ለማየት አልታደሉም። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ተከልክሎ የነበረው ቅልቅል ቡድን ማለት ያ ነው።

የእሳቸው የመጨረሻ ጥያቄ ግን አብሯቸው አልተቀበረም። ካፍ በ2009 (እ.ኤ.አ) በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ልጆች ብቻ የሚሳተፉበትን ቻን የተባለ ውድድር ጀመረ። አፍሪካ ዋንጫው ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ቻን ደግሞ ለአገር ቤቱ ልጅ ተለየ። ኢትዮጵያም በ2014፣ በ2016 እና በ2023 በቻን ተሳትፋለች። ይድነቃቸው የፈለጉት ነገር ያለ እገዳ ተገኘ ማለት ነው። ስጋታቸው ልክ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን በር መዝጋት አልነበረም፣ ሁለተኛ በር መክፈት ነበር።

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ እንመለስ። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ላይ ያለ አንድ ወጣት የአርሰናልን ተቀያሪዎች ከነማሊያ ቁጥራቸው ይቆጥርላችኋል። የአገሩን ሊግ ተጫዋቾች ቁጠር ብትሉት ግን ጥቂት ላይ ሊቆም ይችላል። ይድነቃቸው የፈሩት ቀን እንዲህ ያለውን ነው። ምርጡ ሲሄድ ዓይንም አብሮ ይሄዳል።

በዚያችው እንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባቱ ቤት አገው ፈረሰኞች አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባሉ። አንከሻው አለ፣ ባንጃው አለ፣ ዚገሙ አለ። የሰባቱም ቤት ልጅ ፈረሱን አስጊጦ ይመጣል፤ ከየትም ቤት ቢመጣ ሜዳው የእሱም ነው፤ የሚለየው ግልቢያው ብቻ ነው። ይድነቃቸው በ1954ቱ ቡድን ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ዋንጫም አመጣላቸው። በሁለት ተጫዋቹ ደንብ ላይ ግን ዘነጉት። የክረምት ዝርዝር የሚያዘጋጅ የክለብም የፌዴሬሽንም ሰው ሁለቱንም የይድነቃቸው ዝርዝሮች ጎን ለጎን ቢያያቸው ይጠቀማል፤ ደጋፊውም ከማኩረፍ ይድናል።